ቁጥሩ ሦስት፣ ጨረቃዋ ሰባት

ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የኔታ ከጎረቤታችን የአማኑኤል ዝክር ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ፣ በራችን ላይ ቆም አሉና "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። ግቢው መሃል ቴሌስኮፔን አቁሜ መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቅሁ ነበር። ገብተው እንዲያዩ ለመንኋቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ፣ ወሬ ለመጀመር ያህል "የኔታ፣ ዛሬ ሌሊቱ ስንት ነው?" አልኋቸው። ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ መለሱልኝ፦ "አበቅቴ አንድ፣ የጥር ሕፀፅ ሦስት፣ ከመሸ የነገ ነውና ዕለቱ ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳውን ግደፊው። ሦስት።" በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቁጥር፣ የጨረቃ ዕድሜ በሌሊት የሚቆጠረው እንዲህ ነው፤ የዓመቱ አበቅቴ፣ የወሩ ሕፀፅና ዕለቱ ይደመሩና ከሠላሳ የተረፈው ሌሊቱ ይሆናል።

ከዚያ ሁለታችንም ቀና አልን። ጨረቃ እኩሌታዋ በርቶ ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ቆማለች። የሦስት ሌሊት ጨረቃ እንዲህ አይደለችም። እሷ ቀጭን ናት፤ ፀሐይ ስትገባ ምዕራብ ላይ ዝቅ ብላ ትታይና ብዙ ሳትቆይ ትጠልቃለች። ከላያችን ያለችው ሰባት ሌሊት የሞላት ናት። እኔ ዝም አልሁ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ የእሳቸው ዝምታ ግን ነገር የተገለበጠበት ሰው ዝምታ አልነበረም። ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የሚመላለስብኝ።

ቱቦው

ቴሌስኮፑ የመጣልኝ ከውጭ አገር በገባ ዘመዴ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ቱቦው በልብስ ተጠቅልሎ፣ መቆሚያው ለብቻው ተፈትቶ። ዋናው መስታወት 130 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የሚያየው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ጊዜ ያጎላል?" ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ማጉላት ቀላሉ ነገር ነው፤ የዓይን ሌንሱን በቀየርሽ ቁጥር ይቀየራል። በእኔ ቱቦ ባለ 25 ሚሊሜትሩ ሌንስ 26 ጊዜ፣ ባለ 10 ሚሊሜትሩ 65 ጊዜ ያጎላል። የማይቀየረው የመስታወቱ ስፋት ነው፤ ብርሃን የሚሰበስበው እሱ ነውና። 130 ሚሊሜትር መስታወት ጨለማ ከለመደ የሰው ዓይን ከ300 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ስለዚህ ልግዛ የሚል ሰው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የማጉላት ቁጥር ትቶ ስፋቱን ይጠይቅ። ይህንን ለተማሪዎቼም ለባልደረቦቼም ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው በማጉላት ቁጥር ተማርኮ ደብዛዛ ነገር ይገዛል ብዬ ስለምሰጋ ነው።

በመስታወት የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሠርቶ ያሳየው አይዛክ ኒውተን ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668። አፄ ፋሲል ያረፉት በ1667 ነው። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው ምንም የለም፤ ግን የሒሳብ መምህር ነኝና ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ደስ ይለኛል። ከተማዬን ጎንደርን የቆረቆሩት ንጉሥ ባረፉ በዓመቱ፣ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ የቆመው ዓይነት ቱቦ ተወለደ።

ያቆምሁት በጠራራ ቀን ነበር፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛው ከቱቦው ጎን ያለችው ትንሿ አነጣጣሪ ከዋናው ቱቦ ጋር አንድ ቦታ እንድታይ መስተካከል አለባት፤ ይህ ደግሞ የሚቀለው በቀን፣ በሩቅ ባለ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው። እኔ ያነጣጠርሁት በእንቁላል ግንብ ላይ ነበር። የኒውተን ቴሌስኮፕ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ የፋሲል ግንብ ጉልላቶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ ሰማዩ ከሥራቸው ሆኖ ታየኝ። ሰማይ ላይ ላይና ታች ስለሌለ ለኮከብ ችግር የለውም። ያነጣጠርሁት ፀሐይ በሌለችበት አቅጣጫ መሆኑንም ልጨምር፦ ከፊት ለፊት የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ሳይኖር ቱቦውን ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል። በቀን ስንሠራ ልጆችን አጠገቡ ብቻቸውን አልተዋቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ጎረቤት ነው። ባለንበት ጊዜ፣ በጨለማ ረጅም ቱቦ ወደ ላይ ቀስሮ መቆም ሰውን ያስደነግጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምሽት በፊት የግቢውንም የመንደሩንም ሰው ጠርቼ በፀሐይ ብርሃን አሳየኋቸው፤ ነኩት፣ ውስጡን አዩት፣ መስታወት ብቻ መሆኑን አረጋገጡ። አከራዬ እትዬ "በይ እንግዲህ፣ ለሚጠይቅ እኔ እመልሳለሁ" አሉኝ። ከተማችን ውስጥ ቴሌስኮፕ ለማቆም ለሚያስብ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ከማንኛውም ብሎን በፊት ጎረቤትን አስተካክሉ።

12 ዲግሪ ተኩል

ከቱቦው ጋር የመጣው ማውንት፣ ቱቦውን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል፣ ኢኳቶሪያል የሚባለው ዓይነት ነው። አንዱ ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ ይቀሰራል፤ ከዚያ በኋላ ምድር ስትዞር ኮከቡን ለመከተል አንድ እጀታ ብቻ ማዞር ይበቃል። የዋልታው ከፍታ ደግሞ ከቆምንበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ጎንደር 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማስ ብዙም አትርቅም፤ ክንድን ዘርግቶ ጭብጥን አድማሱ ላይ ቢያስቀምጡ ከጭብጡ ትንሽ ከፍ ብላ ትገኛለች፣ ጎሃ ተራራ ባለበት አቅጣጫ።

እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ለሰሜን አገር ሰዎች ነው፤ እነሱ ዘንጉን ወደ ላይ 40 እና 50 ዲግሪ ያቀኑታል። እኛ ጋ ሊተኛ ምንም አይቀረው። ሲተኛ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቀው ክብደት ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። እግሮቹን አዙሬ ክብደቱ በሁለቱ መካከል እንዲወርድ አደረግሁትና ተገላገልሁ።

ዝቅ ያለችው የሰሜን ኮከብ የምትነፍገንን ደቡቡ ይክሰናል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት የደቡብ መስቀል ከአድማስ 17 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ በዚያው ሰዓት ፊትን ወደ ሰሜን ሲመልሱ ትልቁ ድብ ሙሉውን ይታያል። ፕላኔቶቹም ሰማይ ላይ የሚሄዱበት መንገድ ከእኛ አናት ብዙ ስለማይርቅ፣ ብርሃናቸው የሚያልፈው ቀጭኑን የአየር ክፍል ነው። ያን ጥር ጁፒተር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከአናታችን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ፈቀቅ ብሎ ያልፍ ነበር። አንገት ያማል፤ ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነው፤ መሃሉን የሚያቋርጡት ሁለት ጠቆር ያሉ መቀነቶች፣ ጎንና ጎኑ የተሰለፉት ጨረቃዎቹ።

ደግሞ መጠበቅ አለ። ክረምቱን ሙሉ ሰማይ የለም። ከመጋቢት ወዲያ አቧራና ጭስ አድማሱን ይሸፍነዋል። ጥሩው ጊዜ ዝናቡ አየሩን አጥቦ ከሄደ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በጥሩው ወቅትም ቢሆን ከቤት የወጣው መስታወት ከውጭው ብርድ ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ሳይቀዘቅዝ ቢያዩበት ምስሉ ይርገበገባል። ዓይንም ጨለማ ለመልመድ ያንኑ ያህል ይፈልጋል፤ አንዴ ስልክ ከተከፈተ እንደገና ከመጀመሪያ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉት ነገር የገባኝ እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። የኔታ የመጡብኝም በዚህ በመጠበቂያው ሰዓት ነበር።

ያ ምሽት

መጀመሪያ ያሳየኋቸው ጨረቃን ሳይሆን ምዕራብ ላይ የምታበራውን ቬነስን ነው። በዓይን ሲያዩዋት አንድ ትልቅ ነጥብ ናት። በቱቦው ግን ጎደሎ ሆና ታየቻቸው፤ ከእኩሌታ ያነሰች፣ ለጨረቃ ቅርጽ የቀረበች። ረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩና "ይህቺ የአጥቢያ ኮከብ አይደለችም እንዴ?" አሉ። አዎ፣ ያቺው ናት፤ አንዳንድ ወራት ንጋት ላይ፣ አንዳንድ ወራት ምሽት ላይ ትታያለች አልኋቸው። "እሱንስ አውቃለሁ። መጉደሏን ነው ያላወቅሁት።"

ከዚያ ወደ ጨረቃ አዞርሁት። የብርሃኑና የጨለማው ድንበር ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው፤ ሙሉ ስትሆን ጥላ ስለሌላት ጠፍጣፋ ናት። ያን ማታ ድንበሩ መሃሏን ይሰነጥቃት ስለነበር ከሰሜን በኩል የአፔናይን ተራሮች፣ ከመሃል ወደ ደቡብ ደግሞ ተደርድረው የወረዱት ትልልቅ ጉድጓዶች ጥላቸውን ጥለው ይታያሉ። ከጉድጓዶቹ ትልቁ፣ ቶለሚ የሚባለው፣ ከዳር እስከ ዳር 150 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጣና ሐይቅ ከነዳርቻው ይገባበታል። የኔታ ደንቢያ የተወለዱ ናቸውና ይህን ስነግራቸው ዓይናቸውን ከሌንሱ ነቅለው አዩኝ፤ ከዚያ ተመልሰው አጎነበሱ። ተራሮቹን ሲያዩ "ይህስ ስሜን ነው" አሉ። ከስሜንም ይበልጣል የኔታ፣ ከ5,000 ሜትር በላይ የሚሄድ አለው አልኋቸው።

ጨረቃዋ ከሌንሱ እየሸሸች እጀታውን ሳዞር፣ የቆየውን ጥያቄ መዋጥ አቃተኝ። "የኔታ፣ አንቱ ሦስት አሉ። ይህቺ ግን ሦስት አትመስልም።"

ቀና አሉ። "አትመስልም። ሰባት ናት።"

"ታዲያ?"

ወዲያው አልመለሱልኝም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የነገሩኝን እንደ ሰማሁት ላስፍረው፤ አንድም ቃል ባላጎድል ደስ ይለኛል።

"ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት። ቁጥሩን በተማርሁ ሰሞን፣ ማታ ማታ ከጎጆዬ ወጥቼ ቁጥሩንና ጨረቃዋን አስተያያለሁ። አንድ ወር አየሁ፣ ሁለት ወር አየሁ፣ ጨረቃዋ ትቀድማለች። አራት ሌሊት፣ አንዳንዴ አምስት። ለየኔታዬ ሄጄ ነገርኋቸው። 'ቁጥሩን ጨርስና ትጠይቀኛለህ' አሉኝ። እኔ ቁጥሩን ጨርሼ ስመለስ እሳቸው አርፈዋል። ሌላ ሰው ጠይቄ አላውቅም። አንቺ የቁጥር አስተማሪ ነሽ፤ በስንት ዓመት አንድ ሌሊት እንደምትቀድም ልታወጪልኝ ትችያለሽ?"

ያን ማታ ጁፒተርንም አሳይቻቸው ነበር፤ አዩ፣ አደነቁ። የእኔ ልብ ግን ከዚያ በኋላ ሰማዩ ላይ አልነበረም። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ ዓይኑ ያየውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ይዞ ኖሯል፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ። እኔ ደግሞ ሰባት ሌሊት የሞላት ጨረቃን ለማየት 130 ሚሊሜትር መስታወት ከባሕር ማዶ አስመጥቻለሁ፤ ቁጥሩን ከጨረቃዋ ጋር ለማስተያየት ግን ዓይን ብቻ በቂ ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አበቅቴ የሚመላለሰው በ19 ዓመት ነው፤ 19 ዓመት ሲሞላ ጨረቃ 235 ጊዜ ሠርቃ ወደ ነበረችበት ዕለት ትመለሳለች ከሚል የተነሣ። በእኛ አቆጣጠር አንድ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ 19 ዓመት 6,939 ነጥብ 75 ቀን ይሆናል። 235ቱ የጨረቃ ወራት ግን 6,939 ነጥብ 69 ቀን ብቻ ናቸው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ማንም አያየውም፤ በአንድ ሰው ዕድሜም አያየውም። ሲጠራቀም ግን በ310 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይወጣዋል። አውሮፓውያን በ1582 የዘመን አቆጣጠራቸውን ሲያስተካክሉ የፀሐዩን ብቻ ሳይሆን ይህንን የጨረቃ ልዩነት ጭምር ነው ያረሙት። እኛ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ የድሜጥሮስን ቁጥር እንደ ተቀበልነው ይዘን ቀጠልን።

ውጤቱን በወረቀት ጽፌ ወደ የኔታ ቤት ሄድሁ። ደጃቸው ላይ ተማሪዎቻቸው ተቀምጠው ቃል ይቀጽላሉ። ወረቀቱን አልተቀበሉኝም፤ "ንገሪኝ" አሉ። ነገርኋቸው። በ310 ዓመት አንድ ሌሊት ስላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ስለ አውሮፓውያኑ ማሻሻያ ማብራራት ስጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"እንግዲያ በፋሲል ዘመን ሦስት ነበር።"

ልክ ናቸው። ጎንደር የተቆረቆረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ከአንድ ሌሊት ጥቂት ነው የሚበልጠው። ዛሬ አራትና አምስት የሆነው ያኔ ሦስት ገደማ ነበር። እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ አወጡት፤ ምክንያቱም ለእሳቸው ጥያቄው የሒሳብ ብቻ አልነበረም። ግንቡ ሲታነፅ፣ ደብሮቹ ሲተከሉ፣ የአቋቋሙ ትምህርት በዚህ ከተማ ሲደራጅ፣ ቁጥሩን የሚያውቁ ሊቃውንት በዚህ ሰማይ ሥር ቆመው ሦስት ሌሊት የምትቀድም ጨረቃ አይተዋል ማለት ነው። ያዩ ይመስለኛል። እንዴት አያዩም? ደመና በሌለበት ጥር፣ መብራት በሌለበት ከተማ?

"ታዲያ ቁጥሩ ይስተካከል ይላሉ?" ብዬ ጠየቅሁ። ይህን የጠየቅሁት ፈርቼ ነው።

"ለምን ይስተካከላል?" አሉ። "ቁጥሩ ጨረቃን ሊያሳይሽ አይደለም። ደንቢያ ያለውም፣ ጃናሞራ ያለውም፣ ኢየሩሳሌም ያለውም በአንድ ቀን እንዲጾም፣ በአንድ ቀን እንዲገድፍ ነው። ሁሉም ጨረቃን አይቶ ቢሆን አንዱ ጋ ደመና፣ አንዱ ጋ ተራራ፤ ማን ከማን ይገጥማል?" ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ግን ማወቅ ሌላ ነው። ማወቁንስ ብናውቀው ምን ነበረበት?" አሉ።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ትምህርት ቤት የተማርሁት ሒሳብ እንዳለ ሆኖ፣ ከማኅሌቱ በፊት ሠርቀ መዓልቱና ሠርቀ ሌሊቱ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሁለቱ በአንድ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ኖረዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማካፈል ቀሪ ሳስተምር ምሳሌ አጥቼ ስለ ብርቱካን ነበር የማወራ፤ አበቅቴን ለማውጣት ወንበሩን፣ ከ19 ዓመቱ ዙር የሚወጣውን የዓመቱን ቁጥር፣ በ11 አባዝቶ 30 30ውን መግደፍ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ ሆኖ ደጄ ላይ ሳለ። ባለፈው ሰሚስተር አስተማርሁት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ዲያቆናት ከእኔ ቀድመው ጨረሱት።

ስም አውቆ መልክ አለማየት

ለጎንደር ቴሌስኮፕ አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ሲገባ ኳድራንት የሚባለውን የከዋክብት ከፍታ መለኪያና ቴሌስኮፕ አስጭኖ ነው የመጣው። በዚያ ዘመን የጁፒተር ጨረቃዎች በጥላው ውስጥ የሚገቡበትን ሰዓት በማየትና ከአውሮፓ ሰንጠረዥ ጋር በማስተያየት፣ ሰው የቆመበት ቦታ በምሥራቅና በምዕራብ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። እኔ ለደስታ የማያቸው አራት ነጥቦች ለእነሱ ሰዓት ነበሩ። መሣሪያው ግን ከባለቤቱ ጋር መጣ፣ ከባለቤቱ ጋር ሄደ። እዚሁ ከተማ ውስጥ የሰማይን ቁጥር በቃላቸው የያዙ ሊቃውንት ሞልተው ሳለ፣ አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደተነጋገረ ማሰብ ያንገበግበኛል።

ዛሬስ? እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ እኮራባቸዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ እንዲሰየም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ በደረሰው ኮከብ ላይ "ቡና"፣ በዙሪያው በሚዞረው ፕላኔት ላይ "አቦል" የሚል ስም ወጣ። ዜናውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ኮከቡን ያየ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ራሴ ያየሁት ቴሌስኮፑ ከመጣ በኋላ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ ከዚያ ወሰን ትንሽ ብቻ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ለማንኛውም ትንሽ ቴሌስኮፕ ቀላል ነው። ያለው በአንድሮሜዳ ክልል ውስጥ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ከጎንደር ሲታይ ወደ ሰሜን አዘንብሎ ከፍ ይላል። አቦልን ማየት አይቻልም፤ ከጁፒተር የሚገዝፍ ቢሆንም በኮከቡ ብርሃን ውስጥ ጠፍቷል። ኮከቡ ራሱ በቱቦው ውስጥ አንዲት ጭል ጭል የምትል ነጥብ ናት፤ ከጎረቤቶቿ የሚለያት ምንም ነገር የላትም። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 200 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ማለት ዛሬ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው በዘመነ መሳፍንት የተነሣው ነው።

ይህችን ነጥብ ለእትዬ ሳሳይ "ይህችው ናት?" አሉኝ። ይህችው ናት። ለእኔ ግን ስሟን ከሰማሁበት ቀን ይልቅ ያየኋት ቀን ነው የእኛ የሆነችው። ስም ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ ወጥቶ ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው። ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይሉ የለ?

የኔታ ቁጥሩን ይዘው ጨረቃዋን ያጡ ሰው አልነበሩም፤ ሁለቱንም ነበራቸው። ያጡት አብሯቸው የሚያይ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፑን ብቻዬን አላቆምም። ዓርብ ማታ፣ ሰማዩ ሲፈቅድ፣ ተማሪዎቻቸው ይመጣሉ። አንዱ ልጅ፣ ከበለሳ የመጣ፣ ከእኔ ፈጥኖ ሳተርንን ያገኛል። በዚህ በ2017 ዓ.ም. የሳተርን ቀለበት በጎኑ ዞሮ ቀጭን መስመር ስለሆነ፣ ለልጁ የሰፋውን ለማሳየት የሚቀጥሉትን ዓመታት መጠበቅ ይኖርብናል፤ እሱ ግን መስመሩም ይበቃዋል። ደብተር አለን፤ በአንዱ ዓምድ ቁጥሩ የሚለውን ሌሊት፣ በሁለተኛው ጨረቃዋ ላይ ያየነውን እንጽፋለን። ቁጥሩን የሚያወጡት እነሱ ናቸው፤ እኔ ጻፊ ነኝ።

ጳጉሜን 2

ይህን የምጽፈው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቱቦው አልጋ ሥር በጨርቅ ተሸፍኖ ተኝቷል፤ መስታወቱ ላይ ሻጋታ እንዳይወጣ ፀሐይ ባገኘሁ ቁጥር ሳጥኑን አናፍሳለሁ። ግን አንድ ቀጠሮ አለ። ጳጉሜን 2 ቀን እሑድ ማታ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። ጥላው ከምሽቱ 1፡27 ላይ መንካት ይጀምራል፤ ከ2፡30 እስከ 3፡52 ጨረቃዋ ሙሉ በሙሉ ውስጡ ትሆናለች፣ ቀልታም ትታያለች። ለዚህ ቴሌስኮፕም ማጣሪያም አያስፈልግም፤ የጨረቃ ግርዶሽ ዓይን አይጎዳም። የክረምቱ ጭራ ስለሆነ ደመና ሊበላብን ይችላል፤ እንደዚያም ሆኖ ሰዓቱን ይዘን እንቀመጣለን።

ለደብተራችን ከዚህ የተሻለ ሌሊት የለም። ጨረቃ የምትጋረደው ምድር በእሷና በፀሐይ መካከል በትክክል ስትገባ ነው፤ ያም ሙሉ ስትሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ግርዶሽ ሲታይ "ሞልታለች ወይስ አልሞላችም?" የሚል ክርክር አይነሣም። የኔታ ይህን ስነግራቸው ወዲያው ቁጥሩን አወጡ፦ የአዲሱ ዓመት አበቅቴ 12፣ የመስከረም ሕፀፅ 1፣ ዕለቱ 1፤ ዐሥራ አራት። በእሳቸው ቁጥር ጨረቃ የምትሞላው በዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ ከግርዶሹ አራት ቀን በኋላ። የበለሳው ልጅ ሁለቱንም ዓምዶች ከአሁኑ አስምሮ፣ የጳጉሜን 2ን መስመር ባዶ ትቶታል። የኔታም ለማየት እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ "ወንበር አዘጋጂልኝ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል እቆያለሁ" ብለው።